የሁለት ዘመን ተማሪ፦ መሐንዲሱ የቼዝ ሻምፒዮን ሚኻይል ቦትቪኒክ

ማንኛውም ሙያ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይጠይቃል። አንደኛው ከመምህር፣ ከመጽሐፍ ወይም ከመሣሪያ የሚገኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው ባለሙያው የራሱን ስሕተት መርምሮ በማረም የሚያገኘው ነው። በዘመናችን የመጀመሪያው ዕውቀት ዋጋ በእጅጉ ቀንሷል፤ የሁለተኛው ግን እንደ ጥንቱ ነው። ይህን ልዩነት ከቼዝ ጨዋታ ይበልጥ አጉልቶ የሚያሳይ መስክ ማግኘት ያስቸግራል። ከአምሳ ዓመት በፊት አንድ የቼዝ ወዳድ ችሎታውን ለማሻሻል ጥቂት መጻሕፍት፣ ከእሱ የሚበልጥ ተጋጣሚና የብዙ ዓመት ትዕግሥት ያስፈልጉት ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባም ይሁን በጋምቤላ ክልል የመዠንግር ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በመቲ፣ ዘመናዊ የእጅ ስልክ የያዘ ወጣት የዓለሙን ሻምፒዮን ለማሸነፍ የሚችል ተጫዋች በኪሱ ይዞ ይዞራል። ይህን የመሰለ መምህር ያገኘ ወጣት በዚያው ልክ ጎበዝ ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄ ግን መልስ ይሻል። ለመልሱ ከማንም በላይ የሚረዳን በሁለቱ ዘመናት ድልድይ ላይ የቆመው የሩሲያው ኤሌክትሪክ መሐንዲስና የቼዝ ሻምፒዮን ሚኻይል ቦትቪኒክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ሰውየው ታሪክ ከመግባታችን በፊት በአገራችን የነበረውን ልማድ ማስታወስ ይገባል። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትና በመኳንንቱ አዳራሽ ለብዙ ዘመን ሲጫወቱት የኖረ ጨዋታ ነው። ንጉሡ፣ ፈርዙ፣ ፊሉ፣ ፈረሱ፣ ደሩና መደቁ በጨርቅ ገበታ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጨዋታው ወረራ በሚባለው ምዕራፍ ሲጀመር ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ምርኮ ከተወሰደ በኋላ ግን በተራ መጫወት ግዴታ ይሆናል። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ ወደ ትግራይ የመጡት እንግሊዛውያን ሄንሪ ሶልትና ናትናኤል ፒርስ፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ይህን ጨዋታ እጅግ ይወዱ እንደነበር መስክረዋል። ጨዋታው በዝምታ የሚካሄድ አልነበረም፤ በዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አስተያየቱን ይሰጥ ነበር። በሌላ ጉዳይ ራስን ለመቃወም የማይደፍር ሰው በሰንጠረዥ ገበታ ፊት ስሕተታቸውን ሊነግራቸው ይችል ነበር ማለት ነው። ተጫዋቹ የሚሻሻለው በዚህ ያልተሸፋፈነ ፍርድ ነበር። ጉድለቱ ግን ጨዋታው በጽሑፍ ባለመያዙ፣ የአንዱ አዋቂ ዕውቀት ከእሱ ጋር መቀበሩ ነው። የአደባባዩን ፍርድ ከጽሑፍ ጋር አዋሕዶ የመሻሻል ሥርዓት ያደረገው ቦትቪኒክ ነበር።

ሚኻይል ሞይሴየቪች ቦትቪኒክ በነሐሴ 1911 በዚያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር ከነበረችው ከፊንላንድ፣ ኩዎካላ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ተወለደ። ወላጆቹ አይሁዳውያን ሲሆኑ፣ እናቱ የጥርስ ሐኪም፣ አባቱም የሰው ሠራሽ ጥርስ ባለሙያ ነበሩ። ገና ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አባቱ ከቤት ወጥቶ ሌላ ትዳር ስለ መሠረተ፣ ልጁ ያደገው በእናቱ እጅ ነው። የቼዝን አካሄድ የተማረው በ12 ዓመቱ ከታላቅ ወንድሙ ጓደኛ ሲሆን፣ ይህ ለሻምፒዮንነት ለሚታጭ ልጅ የዘገየ ዕድሜ ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ፣ በ1925 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ወደ ሌኒንግራድ መጥቶ በአንድ ጊዜ ከብዙ ሰዎች ጋር በተጫወተበት ትርኢት ላይ ካሸነፉት ጥቂቶች አንዱ የ14 ዓመቱ ቦትቪኒክ ነበር።

ይህ ድል ልጁን ወደ ትዕቢት አልመራውም፤ ትምህርቱንም አላስተወውም። በሌኒንግራድ ፖሊቴክኒክ ተቋም የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተምሮ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ተመረቀ፤ በ1931 ደግሞ በ20 ዓመቱ የሶቪየት ኅብረት የቼዝ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ ሁለቱን ሙያዎች ጎን ለጎን ይዞ ኖረ። የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጄኔሬተሮችን ስለ መቆጣጠርና ሳይናወጡ እንዲሠሩ ስለ ማድረግ ባካሄደው ጥናት በ1951 ገደማ የቴክኒክ ሳይንስ ዶክተርነት ማዕርግ አግኝቷል። ቼዝን መተዳደሪያው ያላደረገ ሰው እንዴት የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ የሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ከዚሁ ከምሕንድስናው ነው። መሐንዲስ ግምቱን በወረቀት ያሰፍራል፤ ያሰፈረውን በሙከራ ይፈትናል፤ የተሳሳተበትን ቦታ ለይቶ መዝግቦ እንደገና ያሰላል። ቦትቪኒክ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ቼዝ ገበታ አመጣው።

የሥርዓቱ መሠረት ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው፣ የተጫወተውን ጨዋታ ሁሉ፣ በተለይም የተሸነፈበትን፣ እያንዳንዱን እርምጃ እየመረመረ መጻፍ ነው። ሁለተኛው፣ የጻፈውን ምርመራ ማሳተም ነው። ሰው በቤቱ ብቻ የያዘው ሐሳብ ቸልታ ይገባዋል፤ ሺሕ አንባቢ የሚያየው ሐሳብ ግን ተችዎች ስለሚነሡበት ደራሲውን ይበልጥ ጠንቃቃ ያደርገዋል ብሎ ያምን ነበር። ሦስተኛው፣ ድክመትን ለይቶ ለብቻው ማከም ነው። በአዳራሽ ውስጥ ጫጫታና የሲጋራ ጢስ አእምሮውን እንደሚያውኩት በተረዳ ጊዜ፣ ከባልንጀራው ከራጎዚን ጋር ሬዲዮ ከፍ አድርገው ከፍተው፣ ራጎዚንም ጢሱን ወደ ፊቱ እየለቀቀበት የልምምድ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር። ከትልቅ ውድድር በፊት ከከተማ ወጥቶ በንጹሕ አየር መዘጋጀት፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደግሞ ቼዝን ፈጽሞ ትቶ ማረፍ ልማዱ ነበር። ተጫዋቾች በተሰጥዖና በወቅቱ ስሜት ይመሩ በነበረበት ዘመን ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር ነበር።

ውጤቱ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በ1935 በሞስኮ ከቼኮዝሎቫኪያው ፍሎር ጋር፣ በ1936 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ከካፓብላንካ ጋር አንደኛነትን ተጋራ። በ1938 በሆላንድ በተካሄደው ታላቅ ውድድር ካፓብላንካን ያሸነፈበት ጨዋታ እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ይገኛል። ይሁንና ጦርነት መጣ። ቦትቪኒክና የባሌት ዳንሰኛ የነበረችው ባለቤቱ ጋያኔ ከሌኒንግራድ ወደ ኡራል ተዛወሩ፤ እሱም በዚያ በኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ላይ ተመደበ። ከባድ በሆነው በዚያ ጊዜ የቼዝ ልምምዱን የሚያግድ ትእዛዝ በገጠመው ጊዜ ለከፍተኛው ባለሥልጣን ለሞሎቶቭ አመልክቶ፣ ለጥናቱ ጊዜ እንዲሰጠው ተወሰነለት። እዚህ ላይ እውነቱን መሸፈን አይገባም፤ ቦትቪኒክ የዘመኑ መንግሥት የኮራበትና ድጋፍ ያደረገለት ሰው ነበር፤ ይህን ዕድል ያላገኙ ሌሎች ባለ ተሰጥዖዎችም ነበሩ። በአንጻሩ በ1976 ኮርችኖይ የተባለው ታላቅ ተጫዋች አገሩን ጥሎ በወጣ ጊዜ፣ እሱን የሚያወግዘውን የጋራ ደብዳቤ ለመፈረም እምቢ ካሉት ጥቂቶች አንዱ ቦትቪኒክ መሆኑ ሊነገርለት ይገባል።

የዓለሙ ሻምፒዮን አሌኺን በ1946 ማዕርጉን እንደ ያዘ ስለ ሞተ፣ በ1948 አምስት ተጫዋቾች በሄግና በሞስኮ ተወዳደሩ። ቦትቪኒክ ከ20 ጨዋታ 14 ነጥብ አግኝቶ፣ ሁለተኛ የወጣውን ስሚስሎቭን በሦስት ነጥብ በልጦ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያም ሦስት ዓመት ያህል ከአደባባይ ውድድር ርቆ በዶክትሬት ጥናቱ ላይ ሠራ። በ1951 ወጣቱን ብሮንስታይንን ሲገጥም ይህ መራቅ ማዕርጉን ሊያሳጣው ትንሽ ቀርቶት ነበር፤ ሁለት ጨዋታ ሲቀር በአንድ ነጥብ ይመራ የነበረው ብሮንስታይን ነው። ቦትቪኒክ 23ኛውን ጨዋታ አሸንፎ፣ የመጨረሻውን በእኩልነት ፈጽሞ፣ በ12 ለ12 ውጤት ማዕርጉን አዳነ። በ1954 ከስሚስሎቭ ጋርም እንዲሁ 12 ለ12 ተለያዩ።

የሰውየውን ትምህርት ይበልጥ የሚገልጡት ግን ድሎቹ ሳይሆኑ ሽንፈቶቹ ናቸው። በ1957 ስሚስሎቭ 12½ ለ9½ አሸንፎት ማዕርጉን ወሰደ፤ በዓመቱ ቦትቪኒክ 12½ ለ10½ አስመለሰ። በ1960 የላትቪያው ሚኻይል ታል፣ የ23 ዓመት ወጣት፣ እንደ መብረቅ በሚወርድ የማጥቃት ስልቱ 12½ ለ8½ ረታው። ብዙዎች የሽማግሌው ዘመን አበቃ አሉ። እሱ ግን ያለፉትን 21 ጨዋታዎች በዝርዝር መርምሮ፣ የራሱን ድክመትና የታልን ልማድ ለየ፤ ታል ውስብስብ ውጊያ እንጂ ጸጥ ያለ የጨዋታ መዝጊያ እንደማይወድ አስተውሎ፣ ጨዋታውን ወደዚያ የሚመራ ዝግጅት አደረገ። በ1961፣ ወደ 50ኛ ዓመቱ ሲቃረብ፣ 13 ለ8 አሸነፈ። የታል ጤና በዚያ ጊዜ ደካማ እንደነበረና ለተሸናፊው ሻምፒዮን በዓመቱ የመልስ ግጥሚያ የሚሰጠው ደንብ ለቦትቪኒክ ጥቅም እንደሠራ ተቃዋሚዎቹ ይናገራሉ፤ ይህም ትክክል ነው። ደንቡ ከተሻረ በኋላ በ1963 በፔትሮስያን ተሸንፎ ማዕርጉን ለመጨረሻ ጊዜ አስረከበ። ቢሆንም ደንቡ ዕድሉን ብቻ ነው የሰጠው፤ ዕድሉን ወደ ድል የለወጠው የዓመቱ ምርመራ ነው።

ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን ይህ ምርመራ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ምሳሌ እንይ። በዚያ ጊዜ በአንድ ቀን ያላለቀ ጨዋታ በይደር ይያዝ ነበር፤ ተጫዋቹ ቀጣዩን እርምጃ በፖስታ አሽጎ ለዳኛ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ሁሉ ከረዳቶቹ ጋር ሲያሰላ ያድራል። በ1962 በቡልጋሪያ በቫርና ከተማ በተካሄደው ኦሎምፒያድ ላይ ቦትቪኒክ ከ19 ዓመቱ አሜሪካዊ ከፊሸር ጋር ገጠመ፤ ጨዋታው በይደር ሲያዝም ሊሸነፍ የተቃረበ ይመስል ነበር። በሌሊቱ ምርመራ የቡድን ጓደኛው ጌለር የማዳኛ ሐሳብ አገኘ፤ በማግሥቱ ጨዋታው በእኩልነት ተፈጸመ። ፊሸር ድል አምልጦኛል ብሎ ትንታኔ አሳተመ፤ ቦትቪኒክም መልስ ጻፈ፤ ክርክሩ ለዓመታት ቀጠለ። በመጨረሻም ቦትቪኒክ ጥያቄውን ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ አድርጎ በሰጠ ጊዜ፣ ታዳጊው ጋሪ ካስፓሮቭ መከላከያውን የሚያጸና አዲስ መንገድ አገኘለት። ዛሬ ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ውስጥ ፍርድ የሚሰጥበት ይህ አንድ ጥያቄ በዚያን ዘመን ከአሥር ዓመት በላይ የበርካታ ጠቢባንን አእምሮ አሠልጥኗል። መልሱ ዘገየ፤ በመንገዱ ላይ ግን ሰው ተሠራ።

ቦትቪኒክ በ1960ዎቹ የመሠረተው ትምህርት ቤት በዚህ መንገድ የሚሄድ ነበር። ተማሪዎቹ በዓመት ጥቂት ጊዜ ተሰብስበው የተጫወቷቸውን ጨዋታዎች በመምህሩና በባልንጀሮቻቸው ፊት ያስረዳሉ፤ ትችት ይቀበላሉ፤ የቤት ሥራ ይዘው ይመለሳሉ። ከዚህ ትምህርት ቤት በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የሆኑት ካርፖቭ፣ ካስፓሮቭና ክራምኒክ አልፈዋል። ቦትቪኒክ ታዳጊውን ካርፖቭን በመጀመሪያ ባየው ጊዜ ከዚህ ልጅ ብዙ አይጠበቅም ብሎ እንደ ገመተ የታወቀ ነው። ልጁ በ1975 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ታላቁ መምህር እንኳ በሰው ላይ የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ሊስት መቻሉ፣ ፍርድን ሁሉ ለፈተና ማቅረብ የሚለውን የራሱን ትምህርት የሚያጠናክር ነው።

በ1970 ከውድድር ዓለም በተሰናበተ ጊዜ ሙሉ ኃይሉን ያዋለው በኮምፒዩተር ላይ ነበር። አሜሪካዊው ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ኮምፒዩተር ቼዝን በሁለት መንገድ ሊጫወት እንደሚችል አመልክቶ ነበር፤ አንደኛው የሚቻሉትን እርምጃዎች ሁሉ ሳይመርጡ ማስላት፣ ሁለተኛው እንደ ሰው ጥቂት ተስፋ ያላቸውን መርጦ በጥልቀት መመርመር። ሻነን በ1965 ወደ ሞስኮ መጥቶ ከቦትቪኒክ ጋር ቼዝ ተጫውቷል፤ አንድ ጊዜ ብልጫ አግኝቶ የነበረ ቢሆንም በመጨረሻ ተሸንፏል። ቦትቪኒክ የመረጠው ሁለተኛውን መንገድ ነው። በሞስኮ የኤሌክትሪክ ኃይል ምርምር ተቋም ውስጥ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ፓዮኒር የተባለውን ፕሮግራም ለመሥራት ብዙ ዓመታት ደከመ፤ ዓላማውም የሻምፒዮንን አስተሳሰብ ለመሣሪያው ማስተማር ነበር።

ፕሮግራሙ አንዳንድ አስቸጋሪ የቼዝ እንቆቅልሾችን ፈታ፤ ዘዴውም የኤሌክትሪክ ማመንጫ መሣሪያዎችን የጥገና ጊዜ ለማቀድ ተሞክሯል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሙሉ ጨዋታ የሚጫወት ብቁ ተወዳዳሪ ግን ሳይሆን ቀረ። ቦትቪኒክ የናቀውን መንገድ የተከተሉት፣ በፍጥነት የሚያሰሉ መሣሪያዎችን የሠሩት፣ ቀደሙት። በግንቦት 1995 በ83 ዓመቱ በሞስኮ ሲያርፍ ይህ ሕልሙ አልተፈጸመም ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1997፣ በአንድ ሰኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን የሚመረምረው ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒዩተር የገዛ ተማሪውን ካስፓሮቭን 3½ ለ2½ አሸነፈ። ይሁን እንጂ ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ2017 አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም ከራሱ ጋር ብቻ እየተጫወተ ተምሮ፣ በሰኮንድ 70 ሚሊዮን ያህል አቋሞችን የሚያሰላውን ስቶክፊሽን፣ እሱ 80 ሺሕ ያህል ብቻ እየመረመረ ረታው። መንገዱ ቦትቪኒክ ካሰበው የተለየ ቢሆንም፣ በጥቂቱ መርጦ በማየት ብዙ ማሸነፍ ይቻላል የሚለው እምነቱ ከንቱ እንዳልነበረ ታየ።

ከእሱ ሞት ወዲህ የቼዝ ተማሪ ኑሮ ፈጽሞ ተለውጧል። ሚሊዮን ጨዋታዎች በአንድ መዝገብ ይገኛሉ፤ በኢንተርኔት አማካይነት በማንኛውም ሰዓት ተጋጣሚ አይጠፋም፤ መምህር ወደሌለበት ወረዳ እንኳ ትምህርቱ ይደርሳል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው፤ ቦትቪኒክም ቢያየው ደስ እንደሚለው አያጠራጥርም። በሌላው ወገን ጨዋታን በይደር መያዝ ቀርቷል፤ ምክንያቱም ሌሊቱን የሚያስበው ኮምፒዩተሩ እንጂ ሰውየው አይሆንም። በውድድር ጊዜ ከመሣሪያ በስውር ምክር መቀበልም አዲስ የክብር ጉድለት ሆኖ መጥቷል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ማንም የማይከሰስበት ማታለል ነው፤ ይኸውም ተማሪው ጨዋታውን እንደ ጨረሰ ራሱ ሳያስብ የኮምፒዩተሩን ፍርድ ከፍቶ ማየቱ ነው። እንዲህ ያለ ተማሪ የተሳሳተበትን ቦታ ያውቃል፤ ለምን እንደ ተሳሳተ ግን አያውቅም፤ በሚቀጥለውም ጨዋታ ያንኑ ይደግመዋል።

ይህ የሽማግሌ ትካዜ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ የቅርብ ጊዜ ምስክር አለ። በታኅሣሥ 2024 በሲንጋፖር ቻይናዊውን ዲንግ ሊረንን 7½ ለ6½ አሸንፎ በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሕንዳዊው ጉኬሽ፣ በልጅነቱ በአሠልጣኙ ምክር ከኮምፒዩተር ትንታኔ ርቆ፣ አቋሞችን በራሱ አእምሮ እያሰላ እንዲያድግ ተደርጓል። መሣሪያውን የተጠቀመው የራሱ ፍርድ ከጠነከረ በኋላ ነው። በኮምፒዩተር ዘመን የተወለደው ልጅና ኮምፒዩተርን በሕልሙ ያየው ሽማግሌ በአንድ ነገር ተገናኙ ማለት ነው፤ ሁለቱም በመጀመሪያ የራሳቸውን ፍርድ ሰጡ፣ ቀጥሎም ለማይሸነግል ፈታኝ አቀረቡት።

ለማኅበራችን አባላት ጉዳዩ ከጨዋታ ያልፋል። ዛሬ ሒሳቡን፣ ንድፉንና ዘገባውን የሚያዘጋጁልን መሣሪያዎች በየቢሮአችን አሉ፤ ወደ ሥራ የሚገባው ወጣት ባልደረባም መልሱን ከጥያቄው ቀድሞ ማግኘት ይችላል። መሣሪያውን መከልከል አይቻልም፤ ቦትቪኒክም የሚመክረው ይህን አይደለም። ለመሣሪያው ከ20 ዓመት በላይ የደከመ ሰው ነውና። የእሱ ሕይወት የሚያሳየው የሥራውን ቅደም ተከተል ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ግምቱን ከነምክንያቱ በገዛ እጁ ይጻፍ፤ ቀጥሎ ከመሣሪያው መልስ ጋር ያስተያየው፤ ልዩነት ባገኘበት ቦታ ላይ ቆሞ ምክንያቱን ይፈልግ፤ ያገኘውንም ለባልደረቦቹ ትችት ያቅርብ። በራስ ወልደ ሥላሴ አዳራሽ ከሰንጠረዡ ዙሪያ ይሰማ የነበረው ያልተሸፋፈነ ድምፅ ዛሬ ከመሣሪያውም ይሰማል፤ ድምፁ የሚጠቅመው ግን አስቀድሞ የራሱን እርምጃ የተራመደውን ተጫዋች ነው።